የድባቴ ኪኒንና የማህፀን ካንሰር ስጋት፦ በድሬና በሐረር መደርደሪያ ላይ ያሉት ሦስቱ ሲመዘኑ

«አቦ፣ ይሄ ኪኒን የማህፀን ካንሰር ያመጣል ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ?»

ከከዚራ እስከ ጁገል፣ የድባቴ መድኃኒት የታዘዘላት ሴት ማዘዣዋን ከሰጠች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የምትጠይቀው ይህንን ነው። ጠይቃ የምትሄደው ደህና ናት። የምታሳስበው ሳትጠይቅ የምትሄደዋ ናት፤ ኪኒኑን ገዝታ ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፣ ወይም አሥር ቀን ውጣ የጎረቤት ወሬ ሰምታ ትጥለዋለች።

ይህ ግምገማ የተጻፈው ለሁለቱም ነው። በድሬዳዋና በሐረር የሚታዘዙትን ሦስት የድባቴ መድኃኒቶች፣ አሚትሪፕቲሊንን፣ ፍሉኦክሰቲንንና ሰርትራሊንን፣ በዚያ በአንድ ጥያቄ እንመዝናቸዋለን። መልሱን ግን አናዘገይም፦ በብዙ ሴቶች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ እነዚህ ኪኒኖች የማህፀን በር፣ የማህፀን ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር እንደሚያመጡ አላሳዩም። ሴቶችን ሲጎዳ የምናየው ሌላ ነው፦ መድኃኒቱን በድንጋጤ ማቋረጥ፣ ያልተለመደ ደም ሲታይ «ኪኒኑ ነው» ብሎ ዝም ማለት፣ እና አንዱን ኪኒን ከጡት ካንሰር መድኃኒቱ ከታሞክሲፈን ጋር ማቀላቀል።

ፍርሃቱ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1992 ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ ተመራማሪዎች አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ለአይጦች ሰጥተው፣ በእንስሳቱ ላይ ሆን ተብሎ የተነሳው ዕጢ ፈጥኖ ማደጉን ጻፉ። ዕጢዎቹ የጡትና የቆዳን የመሳሰሉ ነበሩ፤ ከማህፀን ጋር የሚያያዝ አልነበረም። ወሬው ግን «የድባቴ ኪኒን ካንሰር ያሳድጋል» ተብሎ ተጓዘ። በ1995 ደግሞ ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ የወጣ ጥናት የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጽሮ፣ የድባቴ ወይም የማረጋጊያ መድኃኒት ወስደናል ባሉት ላይ በሽታው በዛ ብሎ እንዳገኘው ገለጸ። በመድኃኒት ቤት መስኮት የምንሰማው ስጋት ሥሩ እዚህ አካባቢ ነው።

የዚህ ዓይነት ጥናት ድካሙ የት ላይ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ሴቶቹ የተጠየቁት ከታመሙ በኋላ ነው። ካንሰር የተነገራት ሴት ያለፈውን ዘመኗን ሁሉ ታበጥራለች፣ የዋጠችውን ኪኒን አንድ በአንድ ታስታውሳለች፤ ጤነኛዋ ግን ከስድስት ዓመት በፊት የወሰደችው የመድኃኒት ስም ትዝ አይላትም። ከዚህ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ሲጀምር ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ተበልቶ ይጠገባል፣ አቅም ያንሳል፣ እንቅልፍ ይረበሻል። ይህ በእኛ አገር ወይ «ጨጓራ» ይባላል ወይ ድባቴ፤ ለዚያም ኪኒን ይታዘዛል። ካንሰሩ በምርመራ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። በወረቀት ላይ ኪኒኑ ቀድሞ ስለተጻፈ ጥፋተኛ ይመስላል፤ በሰውነቷ ውስጥ ግን ቀዳሚው ዕጢው ነበር። ሦስተኛው ድባቴው ራሱ ነው። በአሜሪካ ነርሶች ላይ ለዓመታት የተደረገ ክትትል፣ ከእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ጋር መጠነኛ ዝምድና ያሳየው ድባቴው መሆኑን አመልክቷል። የተደበተች ሴት ትንቀሳቀሳለች ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፤ አመጋገቧ ይዛባል፣ ለምርመራም ከቤት አትወጣም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ሰውን በትዝታው አልጠየቁም፤ የመድኃኒት ቤት መዝገብ ከካንሰር መዝገብ ጋር ነው ያመሳከሩት። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2011 የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ስትመረምር፣ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን በሚገኙበት የመድኃኒት ወገን ተጠቃሚዎች ላይ በሽታው ከሌላው በጥቂቱ አንሶ እንጂ በዝቶ አልተገኘም። ይህን ይዞ «እንግዲያው ካንሰር ይከላከላል» ማለት ደግሞ ሌላው ስህተት ነው፤ ለዚያ ብሎ የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። ታይዋን፣ የድሬው ገበያ ሳይሆን ደሴቷ፣ የመላ ሕዝቧን የጤና መድን መዝገብ ይዛ ስለ ማህፀን ካንሰር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው ጥናትም በመድኃኒቶቹና በበሽታው መካከል ዝምድና አላገኘም።

የማህፀን በር ካንሰርን ከዚህ ወሬ ጨርሶ ማውጣት ይገባል። መንስኤው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው፤ 16 እና 18 የተሰኙት ዓይነቶች ብቻ ከአሥሩ ሰባቱን ያህል ያመጣሉ። ኪኒን ዋጠችም አልዋጠችም ቫይረሱ ይይዛል፤ ሰውነቷ ካላጸዳው ዓመታት ወስዶ የማህፀን በሩን ሕዋሳት ወደ ካንሰር ይለውጣል። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው እሱ መሆኑን እያወቅን፣ በኪኒኑ ላይ የሚባክነው ጭንቀት ወደ ምርመራው ቢዞር ምንኛ በተሻለ።

አሁን ወደ መደርደሪያው።

አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም ከሦስቱ አንጋፋው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ በገበያ ላይ አለ። ትንሽ ክብ ኪኒን ናት፣ ማታ ትዋጣለች። ለድባቴ ብዙውን ጊዜ በ25 ተጀምሮ በየሳምንቱ በ25 ወይም በ50 እየጨመረ ወደ 100 እና 150 ይደርሳል። ብዙ ሴት ግን በ25 ላይ ተቀምጣ ስድስት ወር ትቆይና «አልሠራልኝም» ትላለች። 25 ለነርቭ ሕመምና ለእንቅልፍ ይበቃ ይሆናል፤ ለድባቴ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ነው።

ከማህፀን ጋር ያለው ግንኙነት ቀጥታ አይደለም፣ ዙሪያ ጥምጥም ነው። አሚትሪፕቲሊን ምግብ ያስወድዳል፣ በተለይ ጣፋጭ፤ ክብደት ይጨምራል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ ለማህፀን ካንሰር የታወቀ መንስኤ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በስብ ውስጥ ነው፤ ስቡ ሲበዛ ኤስትሮጅኑ ይበዛል፣ የሚመጥነው ሌላው ሆርሞን፣ ፕሮጀስትሮን፣ ደግሞ የለም፤ የማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ያለ ልጓም ይወፍራል። ስለዚህ አሚትሪፕቲሊን የጀመረች ሴት ኪኒኑን መፍራት የለባትም፤ ሚዛኑን ግን መከታተል አለባት። በጀመረች ቀን ትመዘን፣ ከዚያ በየወሩ፣ በዚያው ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት። 60 ኪሎ የነበረች በሦስት ወር ውስጥ 3 ኪሎ ከጨመረች፣ ለሐኪሟ ነግራ ወደ ሌላው መቀየር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። 10 ኪሎ እስኪጨምር መጠበቅ ኋላ ለመቀነስ ያስቸግራል።

ለድሬዳዋ የተለየ ነገር አለ። አሚትሪፕቲሊን ላብ ይቀንሳል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው በላብ ነውና፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ አሸዋ ገበያ ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆማ የምትሸጥ ሴት ይህን ካላወቀች ሙቀቱ ይጥላታል፤ ስትነሣም ዓይኗ ይጨልማል። ጥላ፣ ውኃ፣ ከተኙበት ቀስ ብሎ መነሣት። አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት ይከብዳል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ያለባት፣ ልቧ የታመመ፣ ወይም ሕይወቷን ለማጥፋት ያሰበች ሴት ይህንን ኪኒን በጅምላ ይዛ ወደ ቤት መሄድ የለባትም፤ ከመጠን በላይ ሲወሰድ ልብን የሚመታ መድኃኒት ነው። እንዲህ ላለችው ሌላ ይመረጥላታል፤ አሚትሪፕቲሊን የግድ ከሆነ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይሰጥ፣ ኪኒኑንም ቤት ውስጥ የምታምነው ሰው ይያዝላት።

ፍሉኦክሰቲን 20 ሚሊግራም ካፕሱል ነው፤ ጠዋት አንድ። እንቅልፍ ስለሚከለክል ማታ አይወሰድም። የመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታትና መቁነጥነጥ ያመጣል፤ እሱ ያልፋል። ስሜቱ መነሣት የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት ወዲያ ነው፣ ሙሉ ውጤቱ አራትና ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ዕድሜዋ ከ25 በታች የሆነች ልጅ ስትጀምር የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤተሰብ በቅርብ ይከታተላት፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከባሰባት ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ትሂድ። ክብደት እምብዛም አይጨምርም፤ በማህፀን በኩል ለሚያሳስባት፣ በተለይ ቀድሞም ወፈር ላለች ሴት፣ ከአሚትሪፕቲሊን ይሻላል ብለን የምናስበው በዚህ ነው። ሌላው በጎው ነገር ከሰውነት የሚወጣው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት መሆኑ ነው፤ አንድ ቀን ቢረሳ ብዙም አይጎዳም። ለሁለት ዓመት አይጦች በምግባቸው ውስጥ ቢሰጣቸውም ካንሰር አላመጣባቸውም። ይህ መድኃኒቱን ለማስመዝገብ ከተደረጉት ምርመራዎች አንዱ ነው፤ ስለ 1992ቱ የአይጥ ጥናት የሰማ ሰው ይህንንም ሊሰማ ይገባዋል።

ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ እስከ 200 ሊጨመር ይችላል። ሆድ የሚያስቸግራት ሴት ከምግብ ጋር ብትወስደው ይቀላታል። በዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም መረጃ ወረቀቱን የምታነብ ሴት ታገኘዋለች፦ በሴት አይጦች ላይ በተደረገ ምርመራ የማህፀን ካንሰር በዝቶ ታይቷል፣ ሆኖም በመድኃኒቱ ምክንያት መሆኑ ግልጽ አልሆነም ይላል። ይህ አረፍተ ነገር ብቻውን ሲነበብ ያስደነግጣል። አምራቹ ያየውን ሁሉ እንዲጽፍ ስለሚገደድ ነው የተጻፈው፤ ሴቶችን ከመዝገብ የተከታተሉት ጥናቶች ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አላገኙም። ወረቀቱን አንብባ ለምትጠይቅ ሴት «ተይው፣ አታንብቢው» ማለት ትክክል አይደለም። አንብባ መጠየቋ መልካም ነው፣ የሚገባት ማብራሪያ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት የሚያስፈልገው ታሞክሲፈን ለምትወስድ ሴት ነው። የጡት ካንሰር የታከመች ሴት በቀን 20 ሚሊግራም ታሞክሲፈን ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመት ትወስዳለች። ታሞክሲፈን ሰውነት ውስጥ ገብቶ፣ ጉበት ላይ ባለ ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 በተባለ ኢንዛይም ተለውጦ ነው ጉልበት የሚያገኘው። ፍሉኦክሰቲንና የእሱ ወገን የሆነው ፓሮክሰቲን ይህንን ኢንዛይም በጣም ያፍኑታል። ሴቲቱ ታሞክሲፈኗን በየቀኑ ትውጣለች፣ ሙሉ ጥቅሙን ግን ላታገኝ ትችላለች፤ ምንም አይታወቃትም፣ አያማትም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የድባቴ ኪኒንና ካንሰር በእውነት የሚገናኙት እዚህ ቦታ ላይ ነው። ለእሷ ከሦስቱ ሰርትራሊን ይሻላል፤ ሲታሎፕራም፣ ኤሲታሎፕራም ወይም ቬንላፋክሲን ከተገኘ ደግሞ የበለጠ። ታሞክሲፈን ራሱ የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ የማህፀን ካንሰር ስጋትን ይጨምራል። ስለዚህ ደም ካየች ምክንያቱን የምትጠይቀው ከካንሰር ሐኪሟ ነው፣ ከድባቴ ኪኒኗ አይደለም።

ጫትን ሳይጠቅሱ ማለፍ በእኛ አካባቢ ሐሰት ይሆናል። ሴቶችም ይቅማሉ፤ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ ግን አይነግሩም፣ እሱም አይጠይቅም። በኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት ያንኑ 2ዲ6 ኢንዛይም እንደሚያፍን አሳይቷል። ኢንዛይሙ ሲታፈን አሚትሪፕቲሊን በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ታሞክሲፈንም በአንጻሩ የሚለወጠው ይቀንሳል። ሌላው ገጽታ ደግሞ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ኢንዛይም ከመጠን በላይ ፈጣን የሆነባቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከመቶ 29ኙ ላይ አግኝቶታል። ለእነዚህ ሰዎች የተለመደው የአሚትሪፕቲሊን መጠን ቶሎ ስለሚወጣ ሊያንሳቸው ይችላል። ስለዚህ አንዲት ሴት በ75 ስትደነዝዝ ሌላዋ በ100 ምንም አልተሰማኝም ብትል ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ መጠኑን ሐኪም ይቀይረው፣ እሷ ራሷ አትጨምር። ጫቱ ሌላም ያደርጋል፦ የአሚትሪፕቲሊንን የሆድ ድርቀትና የሽንት ችግር ያብሳል፣ ማታ የሚወሰደውን ኪኒን እንቅልፍ ይሰርቃል፣ ምርቃናው ሲበርድም ድባቴው ይባስ ይወርዳል። ቢተው ይመረጣል። መተው ላልሆነላት ግን ቢያንስ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደምትቅም ለሐኪሟ ትንገር። ሚስጥር አድርጋ የምትይዘው ጫት የኪኒኑን መጠን ያሳስታል።

ደምን በተመለከተ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ጥቂት ስለሚያዳክሙ የወር አበባ ሊበዛ ይችላል፤ ለወገብ ሕመም ተብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲጨመርበት ይባባሳል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላታል። አንዳንድ ሴት ላይ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ የወር አበባ ይዘላል፣ ከጡትም ወተት መሰል ፈሳሽ ይወጣል፤ እርግዝና አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሐኪም መድኃኒቱን ይቀይረዋል። እነዚህ የኪኒኑ ናቸው።

የኪኒኑ ያልሆኑት ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፤ ከግንኙነት በኋላ የሚፈስ ደም፤ በሁለት የወር አበባ መካከል የሚመጣ ደም፤ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልሄደ የሆድ መነፋት ከቶሎ ጥጋብ ጋር። ይህን ያየች ሴት የመድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ማስታገሻ ብትገዛ ጊዜዋን ነው የምትሸጠው። መሄድ ያለባት ድሬዳዋ ከሆነች ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ከሆነች ጁገል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወዳለው የማህፀን ክፍል ነው።

ካንሰር ኖሮባት ድባቴም የያዛት ሴት ድባቴዋ መታከም አለበት፤ «በካንሰሩ ላይ ሌላ ኪኒን አይጨመርባት» የሚለው አዘኔታ ጎጂ ነው። ጥንቃቄው የሚያስፈልገው ከሌሎቹ መድኃኒቶቿ ጋር ነው። የሕመም ማስታገሻው ትራማዶል ከፍሉኦክሰቲን ወይም ከሰርትራሊን ጋር ሲገናኝ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊያስነሣ ይችላል፤ ከዚህም ሌላ ፍሉኦክሰቲን ትራማዶሉ ወደሚሠራበት መልክ እንዳይለወጥ ስለሚያግደው ሕመሙም በደንብ አይታገስላትም። ማስታወክ ለማቆም የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን ከአሚትሪፕቲሊን ወይም ከሲታሎፕራም ጋር የልብ ምት ላይ ስለሚደርብ ኢ.ሲ.ጂ.፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማየት ይጠይቃል። በኬሞቴራፒ ምክንያት እጅና እግሯን ለሚያቃጥላት ሴት ግን ያው አንጋፋው አሚትሪፕቲሊን፣ ማታ በትንሽ መጠን፣ ሊያሳርፋት ይችላል። የሚወስዷቸውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት ከመቁጠር ይቀላል።

አሁን ስለ መስኮቱ፣ ማለትም ስለ አሰጣጡ። እዚህ ላይ ነጥባችን ዝቅ ያለ ነው። የተለመደው አሰጣጥ ይህን ይመስላል፦ ስትሪፑ፣ ማለትም ኪኒኖቹ የታሸጉበት ልባጥ፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ስሙና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት ጫፍ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፣ ለሴቲቱ የሚደርሳት መሃሉ ነው። በትንሽ ወረቀት ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ በእንግሊዝኛ ምህጻር ይጻፍላታል። እሷ ደግሞ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ ሊሆን ይችላል። ቤቷ ስትደርስ በእጇ ያለው ስም የሌለው ነጭ ኪኒን ነው። ጎረቤት «ይሄ የካንሰር ነው» ብትላት በምን ታስተባብላለች?

ጥሩው አሰጣጥ ከሦስት ደቂቃ የበለጠ አይፈጅም። ስትሪፑ መቆረጡ ካልቀረ እንኳ ስሙና ቀኑ ያለበት በኩል ለሴቲቱ ይሰጥ። ከረጢቱ ላይ የኪኒኑ ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፍ፣ ለጠዋት ፀሐይ ለማታ ጨረቃ ይሣል፣ ቁጥሩ ከጎኑ። ከዚያ በምትሰማው ቋንቋ አራት ጥያቄ፦ «እህቴ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ? የጡት ካንሰር መድኃኒት ትወስጃለሽ? ጫት አለ? ለሕመም የምትውጪው ምንድነው?» እናት ከሆኑ «እማማ» ብሎ፣ በአንቱታ። መጨረሻ ላይ «እስቲ እንዴት እንደምትወስጂው ንገሪኝ» ማለት። መልሳ ስትናገር የተሳሳተው ያኔውኑ ይታረማል። እነዚህ አራት ጥያቄዎች ሲዘለሉ ነው ፍሉኦክሰቲኑ ከታሞክሲፈኑ ጋር በአንድ ከረጢት የሚወጣው።

ማስቀመጫውም ይታሰብበት። እሽጉ ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይላል፤ የድሬ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያ ከዚያ ያልፋል። ከውስጠኛው ክፍል፣ ከወለል ከፍ ባለ፣ ፀሐይ በማይነካው ሳጥን ውስጥ፣ ከስትሪፑ ሳይወጣ ይቀመጥ። ባጃጅ ውስጥ ከመስታወቱ ሥር፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ምድጃ አጠገብ አይሆንም። ልጅ የማይደርስበትም ይሁን፤ አሚትሪፕቲሊን ለሕፃን ጥቂቱም አደገኛ ነው።

የማህፀን በር ምርመራውን ደግሞ ያለ ማመንታት እናሞግሳለን። በብዙ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው ምርመራ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ነው፤ ነርሷ የማህፀን በሩን ገልጣ ከ3 እስከ 5 ከመቶ የሆነ አሲድ በጥጥ ትቀባዋለች፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥቂት ያቃጥላል፣ ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ነጩ ቦታ ለሕክምና የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በሙቀት ማቃጠል ወይም በማቀዝቀዝ ይታከማል፤ ማቀዝቀዙ 3 ደቂቃ በርዶ፣ 5 ደቂቃ ቀልጦ፣ እንደገና 3 ደቂቃ በርዶ ነው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፣ ለአራት ሳምንት ያህል ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ምርመራው በዋናነት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው፤ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ሴቶች ስጋታቸው ስድስት እጥፍ ስለሆነ ቀደም ብለው ይጀምራሉ። ነጻ ናት የተባለች ሴት በዚህ ዘዴ በየሦስት ዓመቱ ትድገም የሚለው የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። የወር አበባቸው ለቆመ እናቶች ግን ሕዋሱ የሚለዋወጥበት የማህፀን በር ክፍል ወደ ውስጥ ስለሚገባ አሲዱ አያሳይም፤ ፓፕ የተባለውን የሕዋስ ምርመራ ወይም የኤች.ፒ.ቪ. ዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይጠይቁ።

ለመሄድ የወር አበባ የሌለበት ቀን ይመረጥ። የድባቴ ኪኒን ለምርመራው አይቋረጥም፤ ጠዋት የምትወስደውን ወስዳ ትሂድ። በግርዛት ጊዜ የተሰፋች ሴት መሣሪያው ሊያማት ስለሚችል ከመተኛቷ በፊት ለነርሷ ትንገራት፤ አነስተኛ መጠን ያለው አለ፣ ካልሆነም ወደ ሐኪም ትላካለች። ይህን በሹክሹክታም ቢሆን መናገር ሕመሙን ያስቀራል። ልጃገረዶች ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት ሊያመልጣቸው አይገባም፤ እናቲቱ ድባቴ ይዟት ቤት ከዋለች አክስት ወይም ጎረቤት ታስታውስ።

የጀመረችውን ኪኒን ለማቆም የምትፈልግ ሴት፣ ካንሰር ፈርታም ሆነ ድናለሁ ብላ፣ በአንድ ቀን አትቁም። ሕክምናው ስሜቷ ከተስተካከለ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። ጊዜው ሲደርስ በሐኪም እየታየች ቢያንስ በአራት ሳምንት ውስጥ ትቀንሳለች። አሚትሪፕቲሊን 100፣ ማለትም ባለ 25ቱን አራት፣ የምትወስድ ከሆነ ሁለት ሁለት ሳምንት እያረፈች አንዳንድ ኪኒን ትቀንስ፦ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ሰርትራሊን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ሲቋረጥ ማዞር፣ ቅዠት፣ ብስጭት፣ ራስ ላይ ኤሌክትሪክ የነካ የሚመስል ስሜት ያመጣል፤ ፍሉኦክሰቲን ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይህ ያንስበታል። ምልክቱ ከጠናባት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ሁለት ሳምንት ትቆይ፣ ከዚያ ከፊቱ ባነሰ መጠን ትቀንስ።